ሸማውን ለብሳችሁ ሸማኔውን ከደጅ መለሳችሁት

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ንዴቱ ሲበርድልኝ እጽፋለሁ እያልኩ ወራት አሳለፍኩ፤ የሚበርድ አልሆነም። አያቴ ባለፈው ሰኔ አረፉ። ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ ሰው ይለቀሳል እንጂ ከማንም ጋር ጠብ አይገባም፤ እኔም በሞታቸው ከማንም አልተጣላሁም። የተጣላሁት ከእናንተ ጋር ነው፤ በቁማቸው ስላደረጋችሁባቸው ነገር።

«እናንተ» ስል ባለፈው ኅዳር አያቴ ለሽምግልና ሄደው የተዋረዱበትን ያንን አንድ ቤት ብቻ ማለቴ አይደለም። የዚያን ቤት ስም አልጠራም፤ ሰፈሩንም አልናገርም። ብናገር ሁላችሁም ጣታችሁን ወደዚያ ቀስራችሁ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። በዚያ ሳሎን የተነገረው ቃል በስንት ሳሎን እንደሚነገር እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ።

አስቀድሜ ግን ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ። ሳታውቋቸው ነውና የናቃችኋቸው።

አያቴ የጋሞ ሰው ነበሩ፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ሲወጣ ከሚገኘው ከዶርዜ። ከታች አባያና ጫሞ ሐይቆች በፀሐይ ሲያብረቀርቁ እላይ መንደሩን ጉም ሸፍኖት የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ቤታቸው እንደ አገሩ ወግ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት ነበር፤ ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም እያጠረ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል። ጓሮው እንሰት ነው። አባታቸው በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅ አያቴ ለአቅመ አዳም ደርሰው ሁለት ልጆች ወልደው ነበር። «ያን ቀን አባቴ ወደ ጓሮ ገብቶ እንሰቱን አንድ በአንድ ሲቆጥር ዋለ» ይሉን ነበር።

ሽመናን የተማሩት ልጅ ሆነው ማግ በቀሰም ላይ በማጠንጠን ነው። እግራቸው መርገጫው ላይ መድረስ ሲጀምር ደግሞ የመሸመኛው ጉድጓድ ዳር ተቀመጡ። ገና በአፍላነታቸው ከአጎታቸው ጋር እስከ ሶዶ በእግራቸው ተጉዘው፣ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገቡ። ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆነው ቀን እየሸመኑ ማታ በዚያው በመሸመኛው አጠገብ ይተኙ ነበር። ከጋሞ ደጋ የመጡ ስንት ልጆች በዚያ ሰፈር ጉልበታቸው እንደተበዘበዘ አያቴ አይደብቁም ነበር፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ የገዛ ዘመድም እያመጣ እንደሚያሠራ በግልጽ ይናገሩ ነበር። የራሳቸውን ልጆች ግን አንዳቸውንም ትምህርት ሳይጨርሱ ሽመና አላስነኩም። ስድስቱንም አስተምረዋል። ስድስቱም የተማሩት ከዚያ ጉድጓድ በወጣ ገንዘብ ነው።

መስቀል ሲደርስ ጋሞ የትም ቢሆን አገሩ ይገባል። አያቴም ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ይዘው ይገባሉ፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለአባታቸው ልብስ፣ ለጎረቤትም የሚሆን ነገር አይጠፋም። ሴት አያቴ እንሰቱን እየፋቁ፣ ጥጡን በእንዝርት እየፈተሉ ቤቱን ይጠብቃሉ፤ አያቴ ያንኑ ፈትል ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ ይመለሳሉ። ሁለቱ ሰዎች በዓመት ከጥቂት ሳምንታት በላይ አብረው ሳይቀመጡ ስንት ዓመት እንደኖሩ ሳስብ ልቤ ይነካል። በ1977 ድርቅ ከቆላ ሽቅብ የወጡ ሰዎች ደጃቸው ላይ ሲያርፉ ሴት አያቴ ከጉድጓድ ያለውን ቆጮ አውጥተው አካፈሉ፤ አያቴ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሆነው ይህን ሲሰሙ የላኩት መልእክት «ሲያልቅ ንገሪኝ» የሚል ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ቅዱስ ነበሩ ለማለት አይደለም። ተቆጪ ነበሩ፤ ገንዘብ ሲቆጥሩ ሰው ካናገራቸው ይናደዱ ነበር። ሠርተው የበሉ፣ የሰው ገንዘብ ያልነኩ፣ ስድስት ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሰው ናቸው ለማለት ነው። በየትኛውም አገር መመዘኛ ይህ ትልቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ኅዳሩ ጉዳይ ልመለስ።

ታናሽ ወንድሜ አብራው የምትሠራ ልጅ ወደደ፤ እርሷም ወደደችው። እንደ ወጉ ሽማግሌ መላክ ነበረበትና ሦስት ሰው ተመረጠ፤ አንዱ የዕድራችን ዳኛ፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የሰፈራችን መምህር፣ ሦስተኛው አያቴ። ወንድሜ «አባባ ካልሄዱልኝ አላገባም» ስላለ ከዶርዜ አስመጣናቸው። ሲመጡ አንድ ጋቢ ሸምነው ይዘው መጡ። ባለ አራት ድርብ፣ ጠርዙ ቀጭን ጥለት ያለበት፣ ለልጅቷ አባት የሚሆን። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ነበር፤ ክር ሲበጠስባቸው ጫፉን በምራቃቸው አርሰው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው እየዳበሱ ነበር የሚቀጥሉት። ያንን ጋቢ ለመጨረስ ክረምቱን በሙሉ ፈጅቶባቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ስጦታ መያዝ ወጉ እንዳልሆነ ብንነግራቸው «ባዶ እጄን የሰው ልጅ አልጠይቅም» አሉ።

መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ውጭ ልጠብቅ ብል የቤቱ ሰዎች ግባ ብለው በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ቤቱ ደምቋል፤ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ቡና ይፈላል፤ ዘመድና ጎረቤት ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። ሁሉም ነጭ ለብሷል። ሴቶቹ ጥለት ያለው ቀሚስ ከነነጠላው፣ አባትየው ኩታ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ፤ ተናገሩ፤ ተቀመጡ ተባሉ፤ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በወጉ ነበር። አባትየው ጨዋ ሰው ይመስሉ ነበር። ምናልባትም ጨዋ ናቸው፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው።

አያቴ ከአባትየው አጠገብ ነበር የተቀመጡት። የኩታው ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ እንደ ልማዳቸው በጣታቸው ዳበሱት። ጠርዙን ተከትለው ጥለቱ ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉና «ይህን የሠራው ሰው እጁ የተባረከ ነው፤ የእኛ አገር ሰው ሥራ ነው» አሉ። አባትየው ደስ ብሏቸው «በምን አወቁ?» ሲሉ ጠየቁ። አያቴም ኮራ ብለው «እኔም ሸማኔ ነኝ» ብለው መለሱ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባትየው የኩታቸውን ጫፍ ከአያቴ እጅ ቀስ አድርገው ሳቡ። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አልመነጨቁም፤ ቀስ አድርገው ነው የሳቡት፤ ከቆሻሻ ላይ እንደሚያነሱት ዓይነት። ከዚያ አያቴን ትተው ወደ መምህሩ ዞረው «መምህር፣ እርስዎ ይህን እያወቁ ነው ያመጡብን?» አሉ። የተሰረቀ ዕቃ ቤታቸው የተገኘባቸው ይመስል ነበር። መምህሩ «ምኑን?» አሉ፤ በእውነትም አልገባቸውም። አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በትሕትና ጭምር፣ «ሸማውን እንገዛለን፤ ከሸማኔ ጋር ግን አንጋባም። ቅር አይበላችሁ» አሉ። ከወዲያ ጥግ የልጅቷ አጎት «ልጃችን ጥጥ ልትፈትልላቸው ነው እንዴ?» አለ። ተሳቀ። ሁሉም አልሳቁም፤ የሳቁት ግን በቂ ነበሩ።

እኔ ተነሣሁ። ምን ላደርግ እንደተነሣሁ አላውቅም፤ እጄ ግን ጨብጧል። አያቴ የወንበሩ ድምፅ ሲሰማቸው ጊዜ አልወሰደባቸውም። ጎንበስ ብለው ወለሉን ዳብሰው ከቄጤማው አንድ እፍኝ አነሡ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊቴ ተንበረከኩ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሰው፣ በእኔ በልጅ ልጃቸው ፊት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ያንን ሣር ተሻግሮ አይሄድም። እኔም ተቀመጥኩ። ተንበርክኬ እጃቸውን ይዤ አነሣኋቸው።

አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ይህን ሁሉ ቀረጸ። በሳምንቱ ቪዲዮው አርባ ምንጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ደረሰ፤ ከሥሩ «ሽማግሌው አስማት ሲሠሩ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረውበታል።

ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም። የአባትየውን ቃል ዕድሜ ለሰጠኝ ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ እርሳቸውም ከአባታቸው የሰሙት ነው። የአጎቱንም ፌዝ እንዲሁ። በዚያ ክፍል የነበሩትን፣ ያልሳቁትን፣ ዓይናቸውን ወደ ስኒው የሰበሩትን ግን ምን ላድርጋቸው? ከመካከላቸው እናቶች ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። በዚህ አገር መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲደባደብ «በሕግ አምላክ» የሚል አይጠፋም። በዚያ ቀን አንድ ሰው «ነውር ነው» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ግድግዳው ላይ የቅድስት ማርያም ሥዕል ተሰቅሏል። የእመቤታችን ጠባቂ ጻድቁ ዮሴፍ ጠራቢ እንደነበር፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ እንደኖረ ያ ቤት ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም። በየዓመቱ ይሰማል፤ ነጭ ለብሶ ቆሞ ይሰማል።

እስቲ መስከረም 2011ን አስታውሱ። ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ተገደሉ፤ ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ነበሩ። አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ሊበቀሉ ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ወጥተው እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያንን ምስል አገር በሙሉ አየው። አለቀሳችሁ። «እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች አሉን» ብላችሁ ኮራችሁ፤ ሰበካችሁበት፤ ለልጆቻችሁ አሳያችሁ። እንግዲህ ንገሩኝ፦ አስፋልት ላይ ሲንበረከኩ የአገር ኩራት የሆኑት ሽማግሌ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ ሲንበረከኩ በምን ምክንያት አስማተኛ ሆኑ? ሰላማቸውን ትወዳላችሁ፤ ሸማቸውን ትወዳላችሁ፤ የዶርዜ ጭፈራ ሠርጋችሁን ሲያሞቅ ትወዳላችሁ። አማች መሆን ሲመጣ ግን በሩ ይዘጋል።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለጋብቻ የደረሱ ወንድና ሴት በዘር፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አዋጅም ሕግም አለን። የጎደለን በቡና ስኒ ዙሪያ ከተቀመጥነው መካከል አንድ ደፋር ሰው ነው። ብረት ቀጥቃጩ ማረሻችሁን ይሠራል፣ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናችሁንና ምጣዳችሁን ትሠራለች፣ ቆዳ ፋቂው አልጋችሁን ይጠፍራል፤ ከእነዚህ የአንዱ ልጅ ልጃችሁን ሲጠይቅ ግን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ።

ጋሞዎችም እዚህ ጋ ራሳችሁን ነጻ አታውጡ። እናውቀዋለን እኮ። በገዛ አገራችን ሸክላ የሚሠሩትንና ቆዳ የሚፍቁትን ምን ስናደርጋቸው ኖርን? አንጋባቸውም። ከሚበሉበት አንበላም ብለን ቆይተናል። በዱቡሻችን፣ አገር በሚመከርበት አደባባይ፣ ስፍራቸው ከዳር ነበር። አያቴ አንድ ጊዜ ከሸክላ ሠሪ ቤት ቡና ጠጥተው ስለወጡ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። «እነርሱ ሠርተው ባይሸጡልን በእጃችን ልንጠጣ ነበር» ነበር መልሳቸው። እኛ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይህን ታሪክ እየሳቅን ስናወራው አደግን እንጂ ማናችንም ወደዚያ ቤት ቡና ልንጠጣ አልሄድንም። በኅዳር የተሰማን ቁስል ለእነርሱ የየቀን ኑሯቸው ነው። ስለዚህ ይህ ተግሣጽ ለእኔም፣ ለወንድሞቼም፣ ለመንደራችንም ጭምር ነው፤ የአማራውን፣ የኦሮሞውን፣ የጉራጌውን ቤት ብቻ አንኳኩቼ የማልፍ እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ቤት ስንወጣ መምህሩ መኪናው ውስጥ አለቀሱ። የዕድሩ ዳኛ ይራገሙ ነበር። አያቴ ጋቢውን በፌስታሉ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉኝ። በጎዳናው ላይ ሌላ አልተናገሩም። ማታ ወንድሜ ተንሰቅስቆ ሲያለቅስ ግን አጠገባቸው አስቀመጡት። «ሽማግሌ በአንድ ቀን እሺ የተባለበትን ዘመን እኔ አላውቅም። ወጉ መመላለስ ነው። እንመላለሳለን» አሉት። ወንድሜ «አባባ፣ ሰደቧችሁ እኮ» ቢላቸው «እኔን ያውቁኛል እንዴ ሊሰድቡኝ? ያላወቁትን ነው የሰደቡት» አሉ። ጋቢውን ለማንም እንዳትሰጡ ብለው ሻንጣ ውስጥ አስቀመጡትና በማግሥቱ ወደ ዶርዜ ተሳፈሩ።

ዳግመኛ አዲስ አበባ አልመጡም። ዓይናቸው ፈጽሞ ተከደነ፤ ሽመናውንም ተዉ። ግንቦት ላይ ስሄድ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ለጎረቤት ልጆች ክር አቀጣጠል በእጃቸው ያሳዩ ነበር። ቪዲዮውን አልነገርናቸውም ነበር፤ ሰው ግን ነግሯቸዋል። «ሣሩንም ቀርጸውታል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «ጥሩ ነው፤ ያየው ሁሉ ይማርበታል» አሉኝ። ከእኔ ይልቅ ለእናንተ ተስፋ ነበራቸው። እኔ ያን ያህል የለኝም፤ ደክሞኛል። ግን የእርሳቸውን ቃል ጥሎ መሄድም አልሆነልኝም።

ለቀብሩ ያቺ ልጅ መጥታ ነበር። ማንም አልጠራትም፤ በአውቶቡስ እስከ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ያንን የጨንቻ ዳገት በጭቃ ወጥታ ሦስት ቀን ከሴት አያቴ ጋር መሬት ተቀመጠች። አባቷ የት እንዳለች ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅናትም።

እናንተም በሚመጣው ጥር ልጅ ትድራላችሁ፤ ሽማግሌ ደጃችሁ ይቆማል። ስለ ልጁ ጠይቁ፤ ይጠጣ እንደሆነ፣ ይሳደብ እንደሆነ፣ እናቱን ያከብር እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ወላጅ የመጠየቅ መብቱ ነው። አባቱ በእጁ ሠርቶ ያደገ መሆኑን ስትሰሙ ደግሞ ከወንበራችሁ ተነሡለት። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ፣ ቢያንስ ሌላው ሲያዋርድ ዓይናችሁን ወደ ስኒው አትስበሩ። የምለምነው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ብዙ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

እኛም ኅዳር ሲገባ ወደዚያው ቤት እንደገና ሽማግሌ እንልካለን። መምህሩ እሄዳለሁ ብለዋል፤ የዕድሩ ዳኛም ከብዙ ልመና በኋላ እሺ ብለዋል። ጋቢው ይሄዳል። ሦስተኛው አጎቴ ናቸው፤ እርሳቸውም ሸማኔ ናቸው፤ ቢጠየቁ ይናገራሉ።